ሩማቲክ የልብ ሕመም ምንድን ነው?

«የልብ በሽታ» ሲባል ብዙዎቻችን ዐይን ላይ የሚመጣው ቦርጫም ሰውዬ ነው። ጮማ የሚወድ፣ ደም ብዛት ያለበት፣ አንድ ቀን ደረቱን ይዞ የሚወድቅ። እንዲህ ያለውም አለ። ጎጃም ውስጥ የልብ ክትትል ወረፋ ላይ ብትቆሙ ግን ከጎናችሁ የምታገኙት የ14 ዓመት ተማሪ ወይም ሁለተኛ ልጇን ያረገዘች ወጣት ልትሆን ትችላለች። ጮማ አይደለም ለዚህ ያበቃቸው። ከዓመታት በፊት ጉሮሯቸውን ታመው ነበር፣ ከዚያ የመጣ ነው።

ይህ በሽታ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ባጭሩ፣ በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሰውነትን መከላከያ አሳስቶ የልብ ቫልቮች ላይ ጠባሳ ሲያስቀር ነው። በዓለም ላይ 55 ሚሊዮን ያህል ሰው አለበት። በየዓመቱ ወደ 360 ሺህ ሰው ይገድላል። ሀብታሞቹ አገሮች ቤታቸው ሲሰፋ፣ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ መተኛት ሲቀርና ፔኒሲሊን በየቦታው ሲዳረስ ከሞላ ጎደል ተገላግለውታል። እነሱ ሲገላገሉት ምርምሩም አብሮ ቀዘቀዘ። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ትኩረት እንዲሰጠው ውሳኔ ካሳለፈ ወዲህ ግን ነገሩ ሞቅ ብሏል። ትልልቅ ጥናቶች ወጥተዋል፤ ክርክሩም ደርቷል። ደስ የሚለው፣ በእነዚህ ጥናቶች ደጋግመው ያሸነፉት አዲስና ውድ መድኃኒቶች አይደሉም። እኛ ጋ ጤና ጣቢያ ድረስ ሊገቡ የሚችሉት አሮጌዎቹ ናቸው።

ከጉሮሮ ወደ ልብ

መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ከዝርያዎቹም ምድብ «ሀ» የሚባለው። በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ልጁ ጉሮሮውን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ከቀናት በኋላ ይሻለዋል። በቃ፣ አለፈ ይባላል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። የባክቴሪያው ገላ ላይ ያለ ፕሮቲን ከልብ ሥጋና ከቫልቭ ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላል። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሳው መከላከያ በዚህ ተሳስቶ የራሱን አካል ይመታል።

መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ጉልበት ያብጣል። እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ክርን። ቤተሰብ «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ መቶት ነው» ይላል። ጥቂት ልጆች ላይ ደግሞ እጅ ያለፈቃድ ይወራጫል፣ ዕቃ ይወድቃል፣ ፊት ይኮማተራል። ይኼኔ ነገሩ ከሐኪም ይልቅ ወደ ጠበል የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነው። ጠበሉ ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም፤ ጤና ጣቢያውም አይቅር ነው የምለው። ምክንያቱም መገጣጠሚያው በራሱ ጊዜ ይድናል፣ መወራጨቱም ይቆማል። ቫልቩ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን እዚያው ነው።

ልብ አራት ቫልቮች አሏት። ደም ወደፊት ያሳልፋሉ፣ ወደኋላ አያስመልሱም። በሽታው አብዝቶ የሚያጠቃው በግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን፣ ሚትራል የሚባለውን ነው። ጠባሳው ቫልቩን ወይ በደንብ እንዳይዘጋ ያደርገዋል፣ ያኔ ደም ያፈሳል። ወይ ጫፍና ጫፉን አጣብቆ ያጠበዋል። ልጁ እንደገና ጉሮሮውን በታመመና ትኩሳቱ በተመለሰ ቁጥር በጠባሳ ላይ ጠባሳ ይጨመራል። ከዚያ ዓመታት ያለ ምንም ምልክት ሊያልፉ ይችላሉ። አንድ ቀን ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል። ሌሊት ትራስ መደራረብ ይመጣል፣ እግር ያብጣል።

እዚህ ላይ ስለ እንጥል ሳልናገር ባልፍ ጥሩ አይሆንም። በየቀበሌው እንጥል የሚቆርጥ አዋቂ አይጠፋም። እንጥል ተቆርጦ ባክቴሪያው አይሞትም። መድማትና ሌላ ኢንፌክሽን ግን ሊከተል ይችላል። እርግጥ የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም፤ አብዛኛው ቫይረስ ነው፣ በራሱ ይሄዳል። የሚያጠራጥረው ልጁ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ትኩሳት ሲኖረው፣ ቶንሲሉ አብጦ ነጭ ነገር ሲይዝ፣ አንገቱ ላይ ዕጢ ሲያብጥ ነው። ያኔ ሕክምናው አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተላመደም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጀርም ብርቅ ነው። ችግሩ እኛው ጋ ነው፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው ኪኒኑ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

የወር መርፌው

አንድ ጊዜ በሽታው የያዘው ልጅ ዋና መድኃኒቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወጋል። ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ እንደ ወተት ይነጣል። ወፍራም ስለሆነ ነርሷ ካልፈጠነች መርፌው ውስጥ ይደፈናል፤ ቀጭን መርፌም አይሆነውም። ጡንቻ ውስጥ ነው የሚገባው። ያማል። ልጁ ሲወጣ እያነከሰ ነው። ይህ ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም። ልቡ የተነካ ልጅ ቢያንስ ለ10 ዓመት ወይም ወጣትነቱን እስኪያልፍ ይወጋል። ቫልቩ በጣም የተጎዳው እስከ 40 ዓመቱ፣ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገጠር ጤና ተቋም ድረስ በየወሩ መምጣት፣ ክረምቱ፣ አጨዳው፣ መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒቱ ራሱ ሲጠፋ (እጥረቱ የእኛ ብቻ አይደለም፣ ብዙ አገር ገጥሞታል)... ስንቱ ይዘልቃል?

ከእነዚህ ሁሉ በላይ መርፌው ይፈራል። በሽተኛው ብቻ ሳይሆን የሚወጋውም ባለሙያ ይፈራል። «ፔኒሲሊን ወግቼ ሰው ቢሞትብኝስ?» የሚል ፍርሃት ነው። ለብዙ ዘመን የተፈራው አለርጂ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት 32,430 መርፌዎችን ተከታትሎ ከባድ አለርጂ ያገኘው 4 ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ሞቷል። ታዲያ መርፌ እንደተወጉ ወዲያው ወድቀው የሞቱት ሌሎቹ ምን ነክቷቸው ነው? እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ምክር የተለየ መልስ ሰጠ። ቫልቩ በጣም የጠበበ፣ ክፉኛ የሚያፈስ ወይም ልቡ የደከመ በሽተኛ በሕመምና በድንጋጤ የደም ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ልቡ መቋቋም ያቅተዋል። ገዳዩ አለርጂ ሳይሆን ይኸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ላሉት በመርፌው ፋንታ የሚዋጠው ፔኒሲሊን በጥብቅ ሊታሰብ ይገባል ይላል። ለሌሎቹ መርፌው ይቀጥል፤ ግን ከመወጋታቸው በፊት ውኃ ይጠጡ፣ ምግብ ይቅመሱ፣ ተኝተው ይወጉ።

ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ዐቢይ ጾም ነው። እኛ አገር ልጅ ሳይቀር እስከ ሰዓት ይጾማል። በባዶ ሆድ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ፣ በእግሩ መጥቶ ይወጋል። የነፍስ አባት ለታመመ ሰው ሰዓት እንደሚያቀሉ የታወቀ ነው፤ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ነርሷም «ቁርስ በላህ ወይ?» ብትል ምንም አይከብድም። ይህ ምክር ገንዘብ አያስወጣም፤ ለእኔ ባለፉት ዓመታት ከወጡት ሁሉ እኛን በቀጥታ የሚጠቅመን እሱ ነው።

መርፌውን የማራራቅ ሙከራም አለ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ብዛት ያለውን መድኃኒት ጡንቻ ውስጥ ሳይሆን ከቆዳ ሥር በዝግታ በማስገባት ከሁለት ወር በላይ እንዲያቆይ እየሞከሩ ነው። የባክቴሪያው ክትባት ግን እስካሁን ገበያ ላይ የለም።

ሳይታመሙ መፈለግ

ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። ምልክት ያላሳዩ ልጆችን ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ማየት ይገባል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት ከስድስት አካባቢ 3,238 ተማሪዎችን አይቶ ከ1,000 ውስጥ በ19ኙ ላይ በሽታውን አግኝቷል። ታመምን ብለው የመጡ አይደሉም፤ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ናቸው።

ካገኘናቸውስ በኋላ? ለዚህ መልስ የሰጠችው ኡጋንዳ ናት። ከ100 ሺህ በላይ ልጆች ታይተው፣ በሽታው ገና ጅምር ላይ የሆነባቸው 818 ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ተወጉ፣ ግማሾቹ አልተወጉም። ከሁለት ዓመት በኋላ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ያህሉ ላይ በሽታው ገፋ፤ ከተወጉት ግን 0.8 በመቶ ላይ ብቻ። ትልቅ ልዩነት ነው። ቁጥሩን ገልብጣችሁ ስታዩት ግን ካልተወጉት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ አልባሰባቸውም። ስለዚህ አንድ ልጅ ለማዳን ወደ 13 ልጅ ለሁለት ዓመት መውጋት ያስፈልጋል። ተቺዎቹ «ደኅና የሚቆይን ልጅ ለምን በየወሩ እናሳምመዋለን?» ይላሉ። ደጋፊዎቹ «የትኛው ልጅ እንደሚብስበት አስቀድመህ ታውቃለህ?» ብለው ይመልሳሉ። የዓለም የልብ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2023 መስፈርቱን አሻሽሎ ጅምሩን በደረጃ የከፈለው ይህንኑ ለመለየት ነው። የሚዋጠው ኪኒን መርፌውን ይተካ እንደሆነም እዚያው ኡጋንዳ ጥናት ተጀምሯል።

እኔ ከደጋፊዎቹ ጋር ነኝ፤ ግን አንድ ነገር ይጨንቀኛል። ገጠር ውስጥ አንዲት ልጅ «የልብ በሽተኛ ናት» ተብሎ ስሟ ከወጣ ትምህርቷም ትዳሯም ላይ ይከተላታል። ስለዚህ ምርመራው መርፌውን፣ ክትትሉንና ምሥጢር መጠበቁን ይዞ ካልመጣ ቢቀር ይሻላል።

ዋርፋሪንና ጎመን

ቫልቩ ሲጠብ የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱም ሥርዓት ያጣል። እዚያ የረጋ ደም ተነስቶ አንጎል ከገባ ስትሮክ ነው። ለዚህ የሚሰጠው ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ነው። አስቸጋሪ መድኃኒት ነው፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ያደማል። አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው ካልተለካ አይታመንም። ያለ ምርመራ የሚወሰዱት አዳዲሶቹ ኪኒኖች ሲመጡ ሁሉም ለእኛ ዓይነት አገር ተፈጠሩ አለ። በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ በሽተኞች ላይ ተሞከሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ግን አዘጋጆቹንም አስደነገጠ። አዲሱን ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት 552፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከወሰዱት ደግሞ 442 ሞቱ። የመድማቱ ጉዳይም ዋርፋሪን ላይ አልባሰም። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል። ዋርፋሪን የሚወስደው ሰው ለምርመራ ሲመላለስ ሐኪም ስለሚያየው ነው የሚሉ አሉ። ይህ ብቻ ሁሉን አያስረዳም የሚሉም አሉ።

ለጎጃም ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ «አዲስ መድኃኒት መጥቷል» ተብሎ ዋርፋሪን አይጣልም። ጎመንም አይከለከልም። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። ሆኖም ጉዳት የሚመጣው በፍስክ አንድም ቀን ሳይቀመስ፣ ጾም ሲገባ በየቀኑ ሲበላ ነው። መጠኑን ዓመቱን ሙሉ እኩል ማድረግ፣ ወይም ጾም ሲገባና ሲወጣ አይኤንአር ማስለካት ይቻላል።

ሴቶቹ

ከበሽተኞቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። በእርግዝና ጊዜ ልብ የምትረጨው ደም በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ ጠባብ ቫልቭ ተደብቆ ቆይቶ ያኔ ይገለጣል። «እርግዝና ነው ያደከማት» ተብሎ ሲታለፍ እናትየዋ ሳንባዋ ውኃ ይሞላል። አንዳንዱ ጠባብ ቫልቭ ደረት ሳይከፈት፣ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ይሰፋል። ሌላው በቀዶ ሕክምና ይተካል።

ሲተካ ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። ከብረትና ከመሰሉ የተሠራው ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ይፈልጋል፣ አዲሶቹ ማቅጠኛዎችም አይተኩትም። ዋርፋሪን ደግሞ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከእንስሳ ሥጋ የተሠራው ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን በወጣት ገላ ቶሎ ያረጃል፣ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ እንደገና መከፈት ሊመጣ ነው። ለ20 ዓመት ልጅ የትኛው ይሻላል? ሐኪሞቹም አንድ ቃል የላቸውም። ስለዚህ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና የምትሄድ ልጅ፣ መውለድ እፈልጋለሁ ብላ ከቀጠሮዋ በፊት በግልጽ ትናገር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዋርፋሪን እየወሰደች ወር አበባዋ የቀረባት ደግሞ መድኃኒቱን በራሷ ሳታቆም በዚያው ሳምንት ሐኪሟ ዘንድ ትሂድ።