አብስትራክት ሥዕል ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በቴሌቪዥን ስለ ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ሲያወራ ሰማሁ። «ሥራው አብስትራክት ስለሆነ ለተራው ሰው አይገባም» አለ። ይህን አባባል ስንቴ ሰማሁት! በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት ነው። የእስክንድር ታላላቅ ሥራዎች አብስትራክት አይደሉም። አብስትራክት የሆነም ሥራ ቢሆን የማይገባ ማለት አይደለም።

በሙዚቃ ላስረዳ። ዋሽንት ብቻውን በትዝታ ቅኝት ሲጫወት ግጥም የለውም። «ምን እያለ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሰምተን ሆዳችን ይባባል፣ በቃ። ንጹሕ አብስትራክት ሥዕል እንዲህ ነው። ሰው፣ ቤት፣ ዛፍ አታገኙበትም። ቀለሙ፣ መስመሩ፣ የቀለሙ ውፍረትና ስስነት ራሱ ጉዳዩ ነው። አሁን ደግሞ ወሎፍኛ የማይችል ሰው የሴኔጋል ዘፈን ሰማ እንበል። ቃሉ አልገባውም። ታዲያ «ይሄ ዘፈን ግጥም የለውም» ይበል? ተንታኙ ያለው ይህንኑ ነው።

የእስክንድር ሥዕል ግጥም አለው፤ ያውም ብዙ። እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራውን «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ቀረብ ብላችሁ እዩት። ክንፍ ያላቸው ፍጡራን በጨለማው ውስጥ ይበራሉ። በአጠቃላይ ሥራው ውስጥ ከብራና ጥቅልሎቻችን የመጣ ጠልሰም አለ፣ ፓሪስ ሳለ ያጠናው የምዕራብ አፍሪካ ቅርጽ አለ፣ የእነ ኩባዊው ሰዓሊ ዊፍሬዶ ላም ሱሪያሊዝም (ሕልም መሰል አሳሳል) አለ። የክታብ ጥቅልል ተዘርግቶ ያየ ሰው እነዚያን ትኩር ብለው የሚያዩ ዓይኖች ወዲያው ይለያቸዋል። እንግዲህ ይህ «ተራ ሰው» የሚባለው ከተንታኙ የተሻለ አንባቢ ሊሆን ይችላል።

ንጹሑን አብስትራክት የሚፈልግ ወደ ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይሂድ። ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ክርክር አስነሳ። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አብስትራክት አልነበረም። እ.ኤ.አ. የ1963ቱ «ጎልጎታ» በቀይ የተዋጠ ስቅለት ነው። ቅርጹ ተጎሳቁሏል፣ ተሰቃይቷል፣ ግን አለ። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን «አብስትራክት ሰዓሊ» አትበሉ የምላቸው። ስሙ ለሥራው እንጂ ለሰውየው አይሰጥም።

ከባዱ ጉዳይ ጁሊ ምህረቱ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ሰዓሊ ነች። ብዙ ሥዕሎቿ ከሥር የሕንፃ ፕላንና ካርታ አላቸው። በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይፈስሳል፣ ከዚያ የቀለም ጭረት፣ እንደገና ሽፋን። በኋለኞቹ ሥራዎቿ ደግሞ የዜና ፎቶ ወስዳ ምንነቱ እስኪጠፋ ታደበዝዘውና ከዚያ ትነሳለች። ግጥሙ ከዜማው ሥር ተቀብሯል ማለት ነው። እዚህ ላይ እኛ ባለሙያዎቹም አንስማማም። እኔ አብስትራክት ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ካርታው መንገድ ሊያሳየን አልተቀመጠም። ፕላኑን ሳይጠቅስ «ዝም ብሎ ጭረት ነው» የሚለኝን ግን አልሰማም።

ኤልያስ ስሜንም እዚሁ ቅርጫት ውስጥ ይከቱታል። ኤልያስ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጎነጉናል፣ ከመርካቶ የተሰበሰበ የአሮጌ ኮምፒውተር ቁልፍና ሰርኪት ቦርድ እንጨት ላይ ይደረድራል። ከሩቅ ስታዩት ሸለቆና ሜዳ ይመስላል። ቅርጹን አብስትራክት ማለት ያስኬዳል። «አብስትራክት ሥዕል» ማለት ግን ቀለም የመሰላችሁ ሽቦ መሆኑን አለማየት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በስልክ ፎቶ አትፍረዱ። ጁሊ እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ለአንድ የባንክ ሕንፃ የሠራችው ሥዕል ወርዱ 24 ሜትር ገደማ ነው። ስልክ ላይ ፕላኑም ካርታውም ይጠፋና ጭረቱ ብቻ ይቀራል። አዲስ አበባ ያላችሁ ስድስት ኪሎ በገብረ ክርስቶስ ስም የተሰየመ ሙዚየም አለላችሁ። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ፣ ቀጥሎ ተጠግታችሁ፣ የርዕሱን ጽሑፍ ደግሞ መጨረሻ ላይ አንብቡ።