ማይክሮቲዩቡል በረዶ አይወድም

አራት ኪሎ አካባቢ ባዮኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ማይክሮቲዩቡል በተነሳ ቁጥር አንዱ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ፕሮቲን አይደል እንዴ? እንዳይበላሽ በረዶ ላይ ይቀመጥ እንጂ!» ሰለቸኝ። ዛሬ ልጨርሰው።

ለማያውቀው ሰው፦ ማይክሮቲዩቡል ሴል ውስጥ ያለ፣ ስፋቱ 25 ናኖሜትር የሆነ ቱቦ ነው። የሚሠራው ቲዩቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው። አንጎል በዚህ ፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ስለዚህ ላቦራቶሪዎች ከአንጎል ያወጡታል።

ቀላል ቀላሉን እናስቀድም።

«የሰው አንጎል ያስፈልጋል።» ኧረ በፍጹም። የበሬም የአሳማም ይሆናል። ቄራ ይበቃል፣ ቶሎ ከተደረሰ።

«የሞተ አንጎል ምን ይገነባል?» ይገነባል። ተመራማሪው ሪቻርድ ዋይዘንበርግ በ1972 እ.ኤ.አ. ከአይጥ አንጎል በወጣ ፈሳሽ ውስጥ ቱቦዎቹን አሠርቷል፤ ሕይወት ያለው ሴል በሌለበት። ቁልፉ ካልሲየም ነበር። ካልሲየም ግንባታውን ስለሚከለክል ኢጂቲኤ በሚባል ኬሚካል አሰረው፤ ቲዩቡሊን የሚይዘውን ጂቲፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ጨመረበት፤ አሞቀው። በቃ።

ወደ በረዶው እንምጣ። ሰው ቅቤ ብርድ ላይ እንደሚረጋ ስለሚያውቅ ሁሉም ነገር እንደዚያ ይመስለዋል። ቲዩቡሊን ተቃራኒው ነው። በ37 ዲግሪ ይገጣጠማል፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይፈርሳል። ምክንያቱ ውኃው ነው። የቲዩቡሊን ገጽ ላይ የውኃ ሞለኪውሎች ተደርድረው ይቆማሉ። ሁለት ቲዩቡሊን ሲጋጠሙ በመካከላቸው የነበረው ውኃ ነፃ ይወጣል። ግንባታውን የሚገፋው በዋናነት ይህ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ግፊቱ ይበረታል።

ቲዩቡሊኑን ከሌላው ፕሮቲን የማጣራቱ ዘዴም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ታሞቀዋለህ፣ ቱቦ ይሆናል፣ ሴንትሪፉጅ በሚባለው በፍጥነት የሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ታሽከረክረዋለህ፣ ቱቦው ሥር ይቀራል። ከዚያ ታቀዘቅዘዋለህ፣ ይሟሟል፣ እንደገና ታሽከረክራለህ፤ አሁን የምትፈልገው ከላይ ያለው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ከዚያ ትደግመዋለህ። አንጎሉ ከቄራ በረዶ ላይ ሆኖ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ያልተገጣጠመው ቲዩቡሊን ብርድ ይስማማዋል። የተሠራው ቱቦ ግን አይስማማውም።

ባለፈው ክረምት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ልታለቅስ ደርሳ ደወለችልኝ። ቱቦዎቹ በደንብ ተሠርተው ነበር። ማይክሮስኮፑ ሰው ስለያዘው «ለጥንቃቄ» በረዶ ላይ አስቀመጠቻቸው። ስታይ ምንም የለም። ፕሮቲኑ ተበላሽቷል ብላ ልትደፋው ነበር። «እንዳትደፊው! ጂቲፒ ጨምሪና ወደ 37 መልሺው» አልኳት። ተመልሶ ተሠራ።

እና እባካችሁ፣ የአዲስ አበባን ሐምሌ አትናቁት። ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። የፒፔቱን (የፈሳሽ መምጠጫውን) ጫፍ አሙቁ። ስላይዱን አሙቁ። የሴንትሪፉጁን ሮተር (የሚሽከረከረውን ክፍል) ቀድማችሁ አሙቁ፤ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው። የፒፔቱን ጫፍ በመቀስ ቆረጥ አድርጋችሁ አስፉት፤ ጠባብ ቀዳዳ ቱቦውን ይሰባብረዋል። የግድ ብርድ ውስጥ ማቆየት ካለባችሁ ታክሶል ጨምሩበት። አዎ፣ የካንሰር መድኃኒቱን። ቱቦውን አጽንቶ ይይዘዋል።

«ጂቲፒ የግንባታው ነዳጅ ነው» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት። ቲዩቡሊኑ ጂቲፒ መያዝ አለበት። ጂቲፒው የሚሰበረው ግን ቲዩቡሊኑ ቱቦው ላይ ከገባ በኋላ ነው፤ መሰበሩም ቱቦውን ለመፍረስ ያመቻቸዋል። በቀላሉ የማይሰበር የጂቲፒ አምሳያ ብትሰጡት ግንባታው አይቆምም፤ ቱቦው እንዲያውም ይጸናል። ተመራማሪዎቹ ሚቺሰንና ኪርሽነር በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል፦ አንድ ፈሳሽ ውስጥ አንዱ ቱቦ ሲያድግ ጎረቤቱ በድንገት ይፈርሳል።

ሌላው ደግሞ «ቱቦ ስለሆነ ሴሉ የሚያጓጉዘው ዕቃ በውስጡ ያልፋል» የሚለው ነው። አያልፍም። ኪኔሲን የሚባለው ፕሮቲን ጭነቱን ይዞ በውጭ በኩል ይራመዳል፤ እርምጃው 8 ናኖሜትር ነው፣ የአንድ ጥንድ ቲዩቡሊን ርዝመት።