የመዋጥ ችግር ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀ የኑሮ ጥራት መጠይቅ ምዘና ምንድን ነው?

ስትሮክ ያጋጠመው ወይም የጉሮሮ ካንሰር የታከመ ሰው ምግብ አልወርድ ሊለው፣ ውሃ ሲጠጣ ትን ሊለው ይችላል። ምግቡ ወደ ሳንባ መግባት አለመግባቱን በባሪየም ኤክስሬይ (በፊልም ላይ የሚታይ ነገር እያስዋጡ በሚነሣ ኤክስሬይ) ወይም በአፍንጫ በሚገባ ካሜራ ማየት ይቻላል። ከማዕድ መራቁን፣ ጉርሻ ሲቀርብለት መጨነቁን፣ ተደብቆ ለብቻው መብላት መጀመሩን ግን ካሜራ አያሳይም። ይህን የምናውቀው በመጠይቅ ነው። መጠይቁ እለካዋለሁ የሚለውን ነገር በእርግጥ ይለካ እንደሆነ መፈተሽ ደግሞ ምዘና ይባላል።

በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ስዋል-ኳል (SWAL-QOL) ነው፤ 44 ጥያቄዎች አሉት፣ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ለራስና አንገት ካንሰር ሕሙማን የተዘጋጀው ኤምዲኤዲአይ (MDADI) 20 ጥያቄዎች አሉት፣ ነጥቡ ከ20 እስከ 100 ነው። በሁለቱም ከፍ ያለ ነጥብ የተሻለ ኑሮ ማለት ነው። ኢት-10 (EAT-10) የተባለው መጠይቅ ግን ተቃራኒ ነው፦ 10 ጥያቄዎች፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4፣ ድምሩ ቢበዛ 40፤ 3ና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግር አለ ተብሎ ይጠረጠራል። አቅጣጫውን ማምታታት ታካሚው ሲሻለው ባሰበት ያስብላል።

ኢት-10ን የኑሮ ጥራት መለኪያ ማለትም ያከራክራል። አብዛኞቹ ጥያቄዎቹ ስለ ምልክቶች ናቸው፦ ክብደት መቀነስ፣ ሕመም፣ ሳል፣ ክኒን መዋጥ። ኑሮን በቀጥታ የሚነኩት ውጭ ወጥቶ ስለ መብላት፣ ከመብላት ስለሚገኝ ደስታና ስለ ጭንቀት የሚጠይቁት ናቸው።

ከሁሉ በፊት የሚመዘነው ይዘቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው። «የመዋጥ ችግሬ ውጭ ወጥቼ እንዳልመገብ አድርጎኛል» የሚለውን የኢት-10 ጥያቄ እንይ። ምግብ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው 0 ብሎ ይመልሳል። ይህ 0 «ችግር የለብኝም» ነው ወይስ «መቼ ወጥቼ አውቃለሁ?» በአማርኛ «ሰርግ፣ ማኅበር፣ ለቅሶ ቤት» ቢባል ወደ ሕይወቱ ይቀርባል። «ጠንካራ ምግብ»ም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቆሎ ያስባል፣ ሌላው እንጀራ። በጾም ወቅት ከተጠየቀ ደግሞ ምግብ የመረጠው በመዋጥ ችግር ነው ወይስ በጾሙ? ስለዚህ መጠይቅ ሲተረጎም ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፣ ሌሎች ሁለት ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሱታል፣ ባለሙያዎች ተቀምጠው ያስታርቁታል። ከዚያ ከ30 እስከ 40 ሰዎች ይሞክሩታል፤ «ይህን ሲሰሙ ምን መጣብዎት?» ተብለው መጠየቅ አለባቸው።

ቁጥሮቹ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መስማማት የሚያሳየው ክሮንባክ አልፋ የተባለው ቁጥር 0.70 ሲደርስ ተቀባይነት ያገኛል፤ ከ0.95 ካለፈ ግን መደሰት አያስፈልግም፣ ምናልባት አንዱን ነገር ደጋግመን እየጠየቅን ነው። መልሱ የጸና መሆኑ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በመጠየቅ ነው። ስትሮክ ከያዘው ገና ጥቂት ቀን የሆነው ሰው ግን በዚያ መሐል መዋጥ ሊሻለው ይችላል፤ ነጥቡ ሲለወጥ ጥፋቱ የመጠይቁ አይደለም። ከ15 በመቶ በላይ ሕሙማን «ችግር የለም» በሚለው የነጥቡ ጫፍ (በኢት-10 0) ላይ ከተከማቹ ደግሞ መጠይቁ ቀላል ችግር ያለባቸውን አይለይም፤ በኢት-10 ላይ ይህ ድክመት ታይቷል። ለውጥን በተመለከተ፣ በኤምዲኤዲአይ 10 ነጥብ ያህል ልዩነት ለታካሚው ትርጉም እንዳለው ይቆጠራል።

በጣም የሚያሳስበው ስህተት መጠይቁን ከባሪየም ፊልም ጋር አነጻጽሮ «አልተስማሙም» በሚል መጣል ነው። ምግብ ወደ ሳንባው እየገባ የማያስል ታካሚ አለ፤ በመጠይቁ ጤነኛ ይመስላል፣ ፊልሙ ግን ያጋልጠዋል። ፊልሙ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሰው ፊት መብላት የተወም አለ። ስለዚህ ምዘናው ከመጀመሩ በፊት ምን ውጤት እንደሚጠበቅ ግምት ይጻፋል፤ ለምሳሌ በቱቦ የሚመገቡት እንደ ልባቸው ከሚበሉት የባሰ ነጥብ ማግኘት አለባቸው። ካላገኙ መጠይቁ እንደገና ይታያል።