«ዣክን መሥራት» ምን ማለት ነው?

ልጅ እንግዳ ፊት ምላሱን እያወጣ፣ ዓይኑን እያንሸዋረረ ካስቸገረ ፈረንሳዊት እናት «አሬት ደ ፌር ለ ዣክ!» ትለዋለች። ቃል በቃል «ዣክን መሥራት ተው» ነው። «ጅል ነህ» ብሎ የሚተረጉመው ግን ስቷል፤ አነጋገሩ ለተፈጥሮ ሞኝ ሳይሆን እያወቀ ለሚጃጃል ነው። «አትጃጃል» ይስማማዋል።

ዣክ የወንድ መጠሪያ ነው። ታዲያ የዋዛ ስም ያደረገው ምንድን ነው? በመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ መኳንንት ገበሬውን ሁሉ በጅምላ «ዣክ ቦኖም» ይሉት ነበር። ቦኖም «ደጉ ሰውዬ» ነው፤ ደግነቱ ግን ከቂልነት አይለይም፣ ንቀት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1356 የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን 2ኛ ፗቲዬ ከተማ አጠገብ በተደረገ ጦርነት በእንግሊዞች ተማረከ። ከጦር ያላዳኑት ጌቶች ግብሩን ሲያከብዱበት ገበሬው መረረው፤ ግንቦት 1358 ከፓሪስ በስተሰሜን በቦቬ አካባቢ ተነሣ። መሪው ጊዮም ካል ተገደለ፣ ዐመፁም ሰኔ 10 ቀን ሜሎ ላይ ተሰበረ። እስከ ዛሬ የገበሬ ዐመፅ በፈረንሳይኛ «ዣክሪ» ይባላል። እኛ የምንለብሰው ጃኬት እንኳ «ዣክ» ከተባለ አጭር ልብስ የመጣ ነው፤ ያንንም ብዙዎች ከዚሁ የገበሬ ቅጽል ጋር ያያይዙታል።

ስሙ ራሱ የእኛው ያዕቆብ ነው፤ በግሪኩ ያቆቦስ፣ በላቲኑ ያኮቡስ አልፎ ዣክ ሆነ። ኦሪት ዘፍጥረት የዔሳውን ተረከዝ ይዞ ከመወለዱ ጋር ያገናኘዋል፤ ተረከዝ በዕብራይስጥ «ዓቄብ» ነውና። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ሌላ መንገድ ያሳያሉ፦ «እግዚአብሔር ይጠብቅ» የሚል ጥንታዊ ስም አጥሮ ነው ይላሉ። ለዚህ ከሚጠሩት ምስክር አንዱ ግእዝ ነው። «ዐቀበ» ማለት ጠበቀ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የምንለውም ከዚሁ ነው። ይህኛው ለአማርኛ ጆሮ ይበልጥ ይጥማል።

አጻጻፉ ሰባት ፊደል ቢፈጅም የሚሰማው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው፦ ዥ፣ አ፣ ክ። «ጃክ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ የእንግሊዞቹ ጃክ በአብዛኛው የጆን፣ ማለትም የዮሐንስ ቁልምጫ ነው። የዣክ እንግሊዛዊ ወንድም ጄምስ ነው። ተርጓሚ ደግሞ ይህን ይያዝ፦ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ቅዱስ የይስሐቅ ልጅ «ዣኮብ»፣ የዘብዴዎስ ልጅ «ዣክ» ነው፤ በአማርኛ ሁለቱም ያዕቆብ ናቸው።