ለስላሳው የላስቲክ አሳ እና መንጠቆው

ፒያሳ ቁጭ ብሎ ስለ ባሕር አሳ ማጥመድ መጻፍ ትንሽ ያስቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ሀገሪቱም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ባሕር የላትም። ግን ለገሀር የሚለው ስም የመጣው ከባቡር ጣቢያው ነው፤ ባቡሩ ደግሞ ከጅቡቲ። ዛሬም ለሥራ ወይም ለእረፍት ወርዶ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ መንጠቆ የሚጥል የአዲስ አበባ ልጅ አይጠፋም። ሻንጣው ውስጥ አንድ ሁለት ፓኬት የላስቲክ አሳ ይኖራል።

መንጠቆ ላይ ተሰክቶ እውነተኛውን አሳ የሚያታልል ማጥመጃ ነው፤ አጥማጆች "ሶፍት ፕላስቲክ" ይሉታል። ሲነኩት እንደ ጄላቲን ከረሜላ ይልመጠመጣል። አንዴ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼው አስተናጋጇ "ይበላል እንዴ?" ብላኛለች። የሚሠራው ከፒቪሲ ነው፣ የውሃ ቱቦ ከሚሠራበት ማለት ነው። ልዩነቱ የሚያለሰልስ ዘይት መሰል ነገር በብዛት ይጨመርበታል። ታሪኩ የሚጀምረው ከትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒክ ክሬም የተባለ አሜሪካዊ፣ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል ከተማ፣ የላስቲክ ትል ሠራ። ያ ለሐይቅና ለወንዝ አሳ ነበር። ወደ ባሕር የወረደው በኋላ ነው። አሁን ቅርጹ ብዙ ነው፦ ጭራው እንደ መቅዘፊያ የሰፋ ትንሽ አሳ፣ ጭራው የተጠቀለለ፣ ሽሪምፕ የመሰለ።

ላስቲኩ ብቻውን ግን ምንም አይደለም። ነፍስ የሚዘራው አሰካኩ ነው። አሰካኩ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ከሁሉም ይበልጣል፦ ቀጥ ማለቱ።

በብዛት የሚሠራበት ጂግ ሄድ ነው። አንገቱ ላይ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ከባድ ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ነው። መጀመሪያ ላስቲኩ ከመንጠቆው ጎን ተጋድሞ ይለካል። የመንጠቆው ጥምዝ የሚደርስበት ቦታ በጥፍር ጫን ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ የመንጠቆው ጫፍ በላስቲኩ አፍንጫ ልክ መሃል ይገባል። እዚህ ጋ መቸኮል አያስፈልግም። ላስቲኩን እንደ ካልሲ ቀስ እያሉ ማልበስ ነው። ጫፉ ምልክቱ ጋ ሲደርስ በጀርባው መሃል ይወጣል። አፍንጫው እርሳሱን እስኪነካ ይገፋል። አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ቢደረግበት አይንሸራተትም።

ጫፉ ቶሎ ከወጣ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ሆዱም ይጎብጣል። ዘግይቶ ከወጣ ይጨማደዳል። ከመሃል በትንሹ ከሳተ ደግሞ ውሃ ውስጥ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፣ ክሩንም ያጣምመዋል። ይህን ለማወቅ ጅቡቲ ድረስ መውረድ አያስፈልግም። እኔ ቤት ሳፋ ሙሉ ውሃ ሞልቼ ከዳር እስከ ዳር እጎትተዋለሁ። እናቴ መጀመሪያ ቀን "ምን እያጠብክ ነው?" ብላ ገብታ ነበር። ቀጥ ብሎ ጭራውን እያወዛወዘ ከመጣ አልፏል። ካጋደለ ነቅሎ እንደገና።

ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ የከረመ ጭራም ይቃናል። የፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ነክሮ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለጭራው በቂ ነው።

የጂግ ሄዱ ክብደት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፓኬቶቹ የሚጻፉት በአውንስ ነው። ሩብ አውንስ 7 ግራም፣ ግማሹ 14፣ ሙሉው 28 ግራም ገደማ ነው። አንዴ ጽሑፉ የጠፋበትን ጂግ ሄድ የማውቀው ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩ። ባለ ወርቁ "አውንስማ 31 ግራም ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው፤ የአጥማጅ አውንስ 28.35። መመሪያው ቀላል ነው፦ ወለሉን መንካት እስከቻለ ድረስ ቀለል ያለው ይሻላል። ቀስ ብሎ ሲወርድ ጭራው ይሠራል፤ አሳም ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ሲወርድ ነው። ጥልቀት ወይም ማዕበል ሲበዛ ግን ከበድ ያለ ግድ ነው።

ኮራልና ሳር ያለበት ቦታ የተጋለጠ መንጠቆ ሁሉ ነገር ላይ ይያዛል። ለዚያ ቴክሳስ ሪግ የሚባል አሰካክ አለ። መንጠቆው አንገቱ ላይ እንደ ደረጃ የተሰበረና ሆዱ ሰፊ ነው። ጫፉ በአፍንጫው ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ገብቶ በአገጩ ይወጣል። ላስቲኩ እስከ ስብራቱ ይሳባል፣ ከዚያ መንጠቆው ይገለበጣል። ቀጥሎ በሆዱ በኩል አልፎ በጀርባው ብቅ ይላል። መጨረሻ ላይ ጫፉ የጀርባውን ቆዳ በስሱ ተከናንቦ ይደበቃል። አሳው ሲነክስ ላስቲኩ ይጨመቅና ጫፉ ይወጣል። ጉዳቱ፣ ጠንከር ያለ ጉተታ ይፈልጋል።

ክሩ ላይ ብዙ አልልም። ዋናው ክር የተጎነጎነ፣ ጫፉ ላይ የሚቀጠለው ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር ነው። ቋጠሮው ጠብቆ መንጠቆውን ከሚያንቀው ላላ ያለ ቀለበት ቢተውለት ላስቲኩ እንደልቡ ይወዛወዛል። ባራኩዳ የሚባለው ጥርሳም አሳ ካለ ግን ፍሎሮካርቦኑንም ይበጥሰዋል፤ አጭር ሽቦ ይጨመራል።

ይኸው ዕቃ ጫሞ ሐይቅ ላይ ለነጭ አሳ ይሆናል። ልዩነቱ ጨው ነው። ከባሕር የተመለሰ መንጠቆ በንጹህ ውሃ ታጥቦ ካልደረቀ በማግስቱ ይዝጋል። የተቀደደ ላስቲክ ውሃ ውስጥ አይጣልም። አይበሰብስም፣ አሳም ይውጠዋል።

የማስቀመጡ ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከፒቪሲ የተሠራው፣ ከሌላ ነገር ከተሠራው በጣም ከሚለጠጠው ዓይነት ጋር አንድ ላይ ከተቀመጠ ሁለቱም ይቀላልጣሉ። እያንዳንዱ በመጣበት ፓኬት መቆየት አለበት። ይህን ሳላውቅ ሁለቱን አንድ ኪስ ከትቼ ወርጄ ነበር። ጅቡቲ ስደርስ ሻንጣው ውስጥ የጠበቀኝ ሮዝና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሙጫ ነው።