የመጀመሪያው ፖኬሞን፦ የአመራረጥ ሕጎችና ምክንያታቸው

ፖኬሞን በቪዲዮ ጨዋታ የሚታወቁ፣ አሰልጣኝ የሚባሉ ሰዎች እየያዙ የሚያሳድጓቸውና የሚያጋጥሟቸው ምናባዊ ፍጡራን ናቸው። ጀማሪ ፖኬሞን የሚባለው አንድ አሰልጣኝ ጉዞውን ሲጀምር በእጁ የሚገባው የመጀመሪያ ፍጡር ነው። በቪዲዮ ጨዋታው ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አይበልጥም። ሰዎች ተሰብስበው የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው በሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ግን ከ1000 በላይ ፍጡራን ለምርጫ ይቀርባሉ። የአመራረጥ ሕግ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉ በደንብ ከታሰበበት ጨዋታው ለወራት ይዘልቃል፤ ካልታሰበበት ግን አንዱ ተጫዋች በመጀመሪያው ቀን ሁሉን አሸንፎ ሌሎቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

ልማዱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 1996 በጃፓን ጌም ቦይ ለተባለው በእጅ ለሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ በወጡት ቀይና አረንጓዴ በተባሉት ሁለት ጨዋታዎች ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው የጌም ፍሪክ ኩባንያ ሲሆን ሐሳቡን ያመነጨው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳትን እየያዘ ይሰበስብ የነበረ ሰው ነው። ተጫዋቹ ከፓሌት ታውን ሊወጣ ሲል ፕሮፌሰር ኦክ ወደ ቤተ ሙከራው ይወስደዋል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፖኬቦሎች፣ ማለትም ፖኬሞን የሚያዝባቸው ኳሶች፣ ተቀምጠዋል፤ የሣር ዓይነቱ ቡልባሶር፣ የእሳት ዓይነቱ ቻርማንደርና የውሃ ዓይነቱ ስኩርትል በየአንዳንዳቸው ውስጥ አሉ። ሦስቱም ደረጃቸው፣ ማለትም በልምድ እያደገ የሚሄደው የጥንካሬ መለኪያቸው፣ 5 ነው። ተጫዋቹ አንዱን ያነሣል፤ ካነሣ በኋላ መመለስም ሆነ መለወጥ የለም። ከጎኑ ቆሞ የነበረው ባላንጣውም ወዲያውኑ የተጫዋቹን ምርጫ የሚረታውን ይወስድና ከቤተ ሙከራው ሳይወጡ ግጥሚያ ይጠይቀዋል።

በዚያች አጭር ትዕይንት ውስጥ ኋላ ላይ የሚና ተጫዋቾች በጽሑፍ ያሰፈሯቸው ሕጎች ከሞላ ጎደል ይገኛሉ። ምርጫው አንድ ብቻ ነው፣ ሁሉም ከእኩል ደረጃ ይነሣል፣ ውሳኔው አይመለስም፣ የሚመረጠውም ሁሉ አሸናፊ አለው። እሳት ሣርን ያቃጥላል፣ ሣር ውሃን ይመጥጣል፣ ውሃ እሳትን ያጠፋል። ብልጫ ያለው ወገን በዓይነቱ ሲመታ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፤ በአንጻሩ ተጋጣሚው በራሱ ዓይነት ሲመልስ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይሁንና በ1996ቱ ጨዋታ ደረጃ 5 ላይ ያለ ቻርማንደር የሚያውቀው መቧጨርና ማጉረምረም ብቻ ነው፤ እሳት መትፋት የሚጀምረው ደረጃ 9 ሲደርስ ነው። ስኩርትል የውኃ አረፋውን በ8፣ ቡልባሶር የሐረግ ጅራፉን በ13 ያገኛሉ። ስለዚህ ባላንጣው የሚረታውን ፍጡር ቢይዝም በመጀመሪያው ግጥሚያ ብልጫው አይሠራም፤ ጀማሪው ተጫዋች የማሸነፍ ዕድል አለው። ንድፉን የሠሩት ሰዎች አዲስ ገቢውን በመጀመሪያው ደቂቃ ከመቅጣት ይልቅ አደጋውን አሳይተው ጊዜ መስጠታቸው በጣም የሚደነቅ ነው።

ሦስቱ ምርጫዎች ላይ ላዩን ሲታዩ እኩል ይምሰሉ እንጂ መንገዳቸው እኩል አይደለም። ተጫዋቹ በጉዞው ላይ ጂም በሚባሉ የግጥሚያ ቦታዎች መሪዎቻቸውን እያሸነፈ ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው ጂም መሪ ብሮክ ደረጃው 12 የሆነ ጂኦዱድና ደረጃው 14 የሆነ ኦኒክስ አሉት፤ ሁለቱም የድንጋይና የመሬት ዓይነት ናቸው። የሣርም ሆነ የውሃ ጥቃት ሲያርፍባቸው ጉዳቱ አራት እጥፍ ነው። ቻርማንደር ግን እሳቱም ጭረቱም ድንጋይ ላይ ግማሽ ኃይል ብቻ አለው። ቻርማንደርን የመረጠ ሰው ከቪሪዲያን ጫካ ካተርፒ ይዞ ወደ በተርፍሪ ማሳደግ ወይም በሣር ውስጥ እየተመላለሰ ደረጃ ማጠራቀም ይኖርበታል። ሁለተኛዋ መሪ ሚስቲ የውሃ አሰልጣኝ ስለሆነች እሳቱ እዚያም አይደላውም። ቡልባሶር በአንጻሩ ሁለቱንም ጂሞች በቀላሉ ያልፋል፣ ሦስተኛውን የኤሌክትሪክ ጂምም ይቋቋማል። በሌላ አነጋገር የፍጡሩ ምርጫ የጨዋታው ክብደት ምርጫም ነበር፤ ይህን ግን ለተጫዋቹ የሚነግረው አልነበረም። በ2004 ጨዋታው በአዲስ መልክ ሲወጣ ቻርማንደር በደረጃ 13 የብረት ጥፍር የተባለውን ስልት እንዲማር ተደረገ፤ ብረት ድንጋይን ስለሚበልጥ ብሮክን ለማለፍ መውጫ ቀዳዳ ሆነው። ምርጫውን ሳይነኩ ክፍተቱን የደፈኑበት ይህ እርማት፣ ለሚና ጨዋታ መሪዎችም፣ ማለትም ታሪኩን ለሚመሩትና ሕጉን ለሚወስኑት፣ ሊቀዱት የሚገባ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ በወጡት የጨዋታ ትውልዶች ሣር፣ እሳትና ውሃ ሦስትነታቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። በ1999 ቺኮሪታ፣ ሲንዳክዊልና ቶቶዳይል፣ በ2002 ትሪኮ፣ ቶርቺክና ማድኪፕ፣ በ2022 ደግሞ ስፕሪጋቲቶ፣ ፉዌኮኮና ኳክስሊ መጥተዋል። የሚያገናኛቸውም ዓይነታቸው ብቻ አይደለም። እያንዳንዳቸው ሲያድጉ ሁለት ጊዜ ወደ ሌላ፣ የበለጠ ጠንካራ ፍጡር ይለወጣሉ፤ ቻርማንደርና ስኩርትል በደረጃ 16ና 36፣ ቡልባሶር በ16ና 32። የመነሻ አቅማቸው (ጤንነት፣ ማጥቂያ፣ መከላከያ፣ ፍጥነትና የመሳሰሉት) ድምር ተቀራራቢ ነው፤ ቡልባሶር 318፣ ስኩርትል 314፣ ቻርማንደር 309። ለመለወጥ ልዩ ድንጋይም ሆነ ከሌላ ሰው ጋር መለዋወጥ አይጠይቁም፤ ልምድ ማካበት ብቻ ይበቃቸዋል። ከስምንቱ ሰባቱ ወንድ ሆነው ይወለዳሉ። ጤንነታቸው ከሲሶ በታች ሲወርድም የራሳቸው ዓይነት ጥቃት በግማሽ ያህል የሚጠነክርበት ችሎታ አላቸው።

ከልማዱ የወጡም አሉ። በ1998 በጃፓን የወጣው ቢጫው ጨዋታ ከቴሌቪዥኑ ተከታታይ ተነሥቶ ለተጫዋቹ ፒካቹን ብቻ ሰጠው፤ ምርጫ የለም፣ ባላንጣው ኢቪን ይወስዳል። ፒካቹም በብሮክ ፊት ኤሌክትሪኩ ከንቱ ነው፤ የመሬት ዓይነት ኤሌክትሪክ ጨርሶ አይነካውም። በ2002ቱ ጨዋታ ምርጫው የሚደረገው የዱር ፖኬሞን ያሳደደው ፕሮፌሰር ጥሎት ከሸሸው ቦርሳ ውስጥ በጥድፊያ ነው። በ2013 ደግሞ ተጫዋቹ ከአዲሶቹ አንዱን ከያዘ በኋላ ከ1996ቱ ሦስት ሁለተኛ ጀማሪ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። አሎላ በተባሉት ደሴቶች በሚካሄደው በ2016ቱ ጨዋታ የታየው ግን ከሁሉም ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ሰው ፖኬሞኑን ከመረጠ በኋላ ፊት ለፊት ቆመው ፍጡሩም በበኩሉ ሰውየውን መቀበሉ ይጠበቃል። ብዙ የሚና ጨዋታ ቡድኖች ተጫዋቹ ፍጡሩን እንዴት እንዳገኘና ፍጡሩ ለምን አብሮት ለመሄድ እንደፈቀደ እንዲጽፍ የሚጠይቁት በተመሳሳይ መንፈስ ነው።

የሚና ጨዋታው በጠረጴዛ ዙሪያም ሆነ በጽሑፍ ቅብብል ይካሄዳል። በ1999 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለሕፃናት የሚሆን አንድ አነስተኛ የጠረጴዛ ጨዋታ አሳትሞ ነበር፤ አዋቂዎች የሚጫወቱባቸው ዝርዝር ሕጎች ግን በአብዛኛው አድናቂዎች ራሳቸው የጻፏቸው ናቸው። ከእነዚህ መካከል ፖኬሞን ቴብልቶፕ ዩናይትድ የተባለው በስፋት ይታወቃል። ቡድኖች በየፊናቸው ሕግ ቢያወጡም ሦስት ክልከላዎች ከሞላ ጎደል በየቦታው አሉ። አፈ ታሪካዊ የሚባሉት ፖኬሞኖች ለጀማሪ አይሰጡም። ተለውጦ ያደገ ፍጡርም አይሰጥም፤ ሁሉም ከመጀመሪያው እርከን ይነሣል። ሦስተኛው ክልከላ የሚመለከተው የመጨረሻ እርከናቸው የአቅም ድምር 600 የሚደርሰውን ነው። ድራቲኒ፣ ላርቪታር፣ ቤጎን፣ ቤልደም፣ ጊብልና ዴይኖ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ለንጽጽር ያህል፣ የ1996ቱ ሦስት ጀማሪዎች የመጨረሻ እርከናቸው ድምር ከ525 እስከ 534 ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክልከላዎች አያከራክሩም። ሰማይና ምድርን ያንቀጠቅጣል ተብሎ የሚነገርለትን ፍጡር የአሥር ዓመት ልጅ ኪስ ውስጥ ማስገባት ታሪኩን ገና ሳይጀመር ይጨርሰዋል። ሦስተኛው ግን በጭፍን ከተወሰደ ስሕተት ነው ባይ ነኝ። ሕግ አውጪዎቹ የሚመለከቱት መድረሻውን ነው፤ ተጫዋቹ ግን የሚኖረው በመንገዱ ላይ ነው። ዴይኖ የሚለወጠው በደረጃ 50 ነው፤ ሃይድራይጎን ለመሆን ደግሞ 64 ድረስ መጠበቅ አለበት። ደረጃ በዝግታ በሚያድግበት የጽሑፍ ጨዋታ ዴይኖን የመረጠ ሰው ታሪኩ እስኪያልቅ ድረስ ማየት የተሳነውንና ያገኘውን ሁሉ የሚነክሰውን ግልገል ሲጎትት ሊኖር ይችላል። ካተርፒን የመረጠው ጎረቤቱ በደረጃ 7 ሜታፖድ፣ በደረጃ 10 በተርፍሪ ሆኖለት በጊዜ ይበርራል። ስለዚህ መሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጨዋታው እስከ ስንት ደረጃ ይሄዳል የሚለውን ነው። ጨዋታው ከ30 የማያልፍ ከሆነ ድራቲኒን መከልከል ትርጉም የለውም፤ እስከ 60 የሚዘልቅ ከሆነ ግን በ55 ድራጎናይት የሚሆነውን ፍጡር ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ ቅሬታ ያመጣል።

በተቃራኒው፣ ስማቸው በክልከላ ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ ግን ለጀማሪነት የማይበጁ ፍጡራን አሉ። አብራ በተፈጥሮው የሚያውቀው አንድ ስልት ብቻ ነው፤ ከቦታው ተሰውሮ መሸሽ። በደረጃ 16 ካዳብራ እስኪሆን ድረስ ከማንም ጋር መጋጠም አይችልም፤ ልምድ ሳያገኝ ደግሞ 16 አይደርስም። ማጂካርፕም በ1996ቱ ጨዋታ ከመንፈራገጥ በቀር የሚችለው የለም፤ በ15 መጋጨትን ይማራል፣ በ20 ጊያራዶስ ይሆናል። የአቅሙ ድምር በአንድ ሌሊት ከ200 ወደ 540 ይዘልላል። አንዳንድ ተጫዋቾች ይህን ትዕግሥት ወድደው ይመርጡታል፤ መሪው ካወቀበት ከዚህ የሚያምር ታሪክ አይገኝም። ሆኖም ለተጫዋቹ በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ እስከ 20 ድረስ ሌሎች እንዲሸከሙት ከቡድኑ ጋር መስማማት አለበት። በደንብ የተጻፈ ሕግ «ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ ጉዳት የሚያደርስ ስልት ይኑረው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፤ በዚህ ብቻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክርክር ይቀራል።

የለውጥ መንገድም እንዲሁ ቀድሞ መወሰን አለበት። ካዳብራ፣ ማቾክ፣ ግራቭለርና ሆንተር የመጨረሻ እርከናቸውን የሚያገኙት ከአሰልጣኝ ወደ አሰልጣኝ ሲዘዋወሩ ነው። ይህ በኬብል ለተገናኙ ሁለት ጌም ቦዮች የታሰበ ነገር ስለሆነ በሚና ጨዋታ ውስጥ እንዳለ ሲገባ ይጎረብጣል። አብዛኞቹ መሪዎች ቁርጥ ያለ ደረጃ ይተኩለታል ወይም የታሪክ ፈተና ያዘጋጁለታል። ኢቪ ደግሞ ስምንት መዳረሻዎች አሉት፤ በዚህም የተነሣ በጣም ይፈለጋል። ኢቪን የሚፈቅዱ ቡድኖች ተጫዋቹ ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ቢያደርጉ ጥሩ ነው፤ አለዚያ በየፈተናው ፊት የሚያዋጣውን እየጠበቀ ይቆያል።

ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ፍጡር ሲፈልግ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። አንዳንዱ ቡድን ቀድሞ ለመጣ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ለእያንዳንዱ ፍጡር የሰው ቁጥር ይወስናል፤ አንዳንዱ ዕጣ ያወጣል። በ2010 የተጀመረው ነዝሎክ የተባለው ጥብቅ የአጨዋወት ስልት ተከታዮች ዕጣውን የሚያወጡበት የታወቀ መንገድ አላቸው። የአሰልጣኙ መለያ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ከ1 እስከ 3 ከሆነ ሣር፣ ከ4 እስከ 6 እሳት፣ ከ7 እስከ 9 ውሃ፤ 0 ከወጣ ተጫዋቹ ይመርጣል። በሕብረት ለሚጫወቱ ግን እኔ የምመርጠው ውይይትን ነው። ሁለት ቻርማንደሮች በአንድ ቡድን ውስጥ መኖራቸው ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ አራቱም እሳት ይዘው የመጀመሪያው ወንዝ ዳር መቆማቸው ነው።

የቀለም ልዩነት ያላቸው ብርቅዬዎች፣ ማለትም በቪዲዮ ጨዋታው ከ4096 አንድ ጊዜ የሚገኙት (ከ2013 በፊት ከ8192 አንድ ነበር)፣ በኃይል ከሌሎቹ አይለዩም። ቢሆንም አብዛኞቹ ቡድኖች ለጀማሪ አይፈቅዷቸውም፤ ሁሉም ብርቅዬ ከያዘ ብርቅዬነቱ ይጠፋል። ጾታና ጠባይ ግን ለተጫዋቹ ምርጫ መተው ይችላሉ። ከ2002 ጀምሮ ያሉት 25 ጠባዮች አብዛኞቹ አንዱን አቅም በአንድ አሥረኛ ከፍ አድርገው ሌላውን በዚያው ልክ ስለሚቀንሱ ማንም ያለ ዋጋ አይጠቀምም፤ ለገጸ ባሕርዩም ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። ፈሪ ቶቶዳይል ከኃይለኛ ቶቶዳይል ፈጽሞ የተለየ ጓደኛ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ጀማሪው ቢጠፋ ወይም ተጫዋቹ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚደረገው ነው። በነዝሎክ ሕግ በግጥሚያ የወደቀ ፖኬሞን እንደ ሞተ ይቆጠራል፣ ዳግመኛም አይሰለፍም፤ ጀማሪውም ከዚህ ነጻ አይደለም። በሚና ጨዋታ ይህን ያህል የሚጨክን ቡድን ጥቂት ነው። የተለመደው፣ ተጫዋቹ እስከ መጀመሪያው ጂም ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲለውጥ መፍቀድ፣ ከዚያ በኋላ ግን ጀማሪውን መልቀቅም ሆነ ለሌላ መስጠት በታሪኩ ውስጥ በቂ ምክንያት እንዲኖረው መጠየቅ ነው። በምትኩ የሚገባው ፍጡርም በተመሳሳይ ሕግ ይመረጣል፦ የመጀመሪያ እርከን፣ የሚያጠቃበት አንድ ስልት፣ ደረጃው ደግሞ ከተተካው ጋር ሳይሆን ቡድኑ ውስጥ ካለው ዝቅተኛ ደረጃ ጋር እኩል። ይህ የደረጃ ገደብ ካልተጻፈ አዲሱ ፍጡር ከነባሮቹ በልጦ ይገባና ለወራት የለፉት ተጫዋቾች ቅር ይሰኛሉ።