ዎብል ምንድን ነው? ሞተር ሳይክል በሩጫ ላይ ለምን ይርገበገባል?

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ በሽተኛ የሚገፋበትን ባለ ጎማ አልጋ ልብ ብሎ ያየ ሰው ዎብልን አይቶታል። ቀስ ብለው ሲገፉት አራቱም ጎማዎች ሰላም ናቸው። ነርሷ ቸኩላ ገፋ ስታደርገው ግን ከፊት ካሉት አንዷ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለች ትርገበገባለች። ወለሉ ልሙጥ ነው፣ የነካት ነገር የለም፣ ግን አታቆምም። ይኸው ነገር 270 ኪሎ በሚመዝን ሞተር ሳይክል የፊት ጎማ ላይ ሲደርስ ዎብል ይባላል። እኛ ሰፈር ሞተር የሚነዳ ሰው "መሪው ተማታብኝ" ይላል፤ አንዳንዱም ሰይጣን ገባበት ብሎ ጠበል ሊረጨው ይነሳል። ጠበሉን አልቃወምም። መሪው የሚዞርበትን ኩሽኔታም ግን አብሮ ማየት ነው።

ሰው ዎብል ሲል ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው እውነተኛው ዎብል ነው፤ እዚህ መርገብገብ እለዋለሁ። የሚንቀጠቀጠው የፊት ጎማውና መሪው ነው፣ በሰከንድ ከ6 እስከ 10 ጊዜ። መሪው ብዥ ብሎ ይታያል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ በተለይ ነጂው ነዳጅ ለቆ ሞተሩ እየቀነሰ ሲሄድ ነው። ሁለተኛው ዊቭ ይባላል፤ እሱን ደግሞ መዋለል ልበለው። እዚህ ላይ የሚንቀሳቀሰው ሞተሩ በሙሉ ነው። ጣና ላይ ማዕበል እንዳገኘው ታንኳ ወገቡ እየተጣጠፈ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ውዝዋዜው ረጋ ያለ ነው፣ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ። መዋለል የሚወደው ከፍ ያለ ፍጥነትን ነው፤ አሮጌ ሞተር ላይ ከ120 ወዲያ ማለት ነው።

ሁለቱን በስሌት ለይቶ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሮቢን ሻርፕ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1971። ከእሱ በፊት በ1899 ፍራንሲስ ዊፕል የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ የብስክሌትን ሚዛን በሒሳብ ቀምሮ ነበር። ሻርፕ ሦስተኛ ዓይነትም አለ ይላል፤ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን መጋደም። እሱን ነጂው ሳያውቀው በትከሻው እያረመው ስለሚሄድ ማንንም አያስፈራም።

ምን እንደሚያርገበግበው ለማወቅ የትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ አስቡ። ነፋሱ የሚነፍሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ጨርቁ ግን ወዲያና ወዲህ ይላል። ግራ ቀኝ የሚመታው እጅ የለም፤ ጨርቁ ራሱ ከሚያልፈው ነፋስ ጉልበት እየወሰደ ይወዛወዛል። ሞተሩም እንዲሁ ነው፤ ከሩጫው ጉልበት ይሰርቃል። የሚሰርቅበት መንገድ እንዲህ ነው። የመሪው ዘንግ ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ወደ ኋላ ተዘንብሏል። ያንን ዘንግ በሐሳባችሁ ወደ ታች ብታስረዝሙት አስፋልቱን የሚነካው ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ቀድሞ ነው፤ በብዙ የመንገድ ሞተሮች ላይ ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል። ስለዚህ ጎማው በገመድ እንደሚጎተት ጥጃ ከኋላ ይከተላል። ትንሽ ወደ ጎን ሲል መንገዱ ገፍቶ ወደ መሃል ይመልሰዋል። ሞተር እጅ ሳይነካው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

ችግሩ ጎማው ላስቲክ መሆኑ ነው። ላስቲክ ሲገፉት ወዲያው አይመልስም፤ ትንሽ ይዘገያል። ጎማው ወደ መሃል ሲመለስ ፍጥነት ይዞ ስለሚመጣ መሃሉን ያልፈዋል፣ የሚያቆመው ግፊት ደግሞ ዘግይቶ ይደርሳል። እንደገና ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል። በየዙሩ መንገዱ ከሚጨምርለት ጉልበት ይልቅ በኩሽኔታው ሰበቃ፣ በጎማውና በነጂው ክንድ የሚበላው ከበለጠ መርገብገቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ብሎ ይሞታል። ካነሰ ያድጋል። አድጎ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ እየተላተመ የነዳጅ ታንከሩን መምታት ሲጀምር ፈረንጆቹ ታንክ ስላፐር ይሉታል፤ ታንከር በጥፊ መቺ እንደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩ ትልልቅ የረጅም ጉዞ ሞተሮች በዚህ ነገር ስማቸው ይነሳል። ጉልበታቸው ከአጥንታቸው ቀድሞ ነበር ያደገው። በ1975 ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ባለ 1,000 ሲሲ ሲሆን ባዶውን ከ260 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለት ቱቦዎች ውፍረት ግን 37 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያው ዘመን የነበረው የቢኤምደብሊው አር 75/5 ደግሞ 36 ነው። የዛሬዎቹ ትልልቅ ሞተሮች ከ40 ያልፋሉ። ፋብሪካዎቹም አላጡትም፤ ቢኤምደብሊው በ1973 የዚያን ሞተር የኋላ ክንድ፣ ማለትም የኋላ ጎማውን የሚይዘውን፣ በ50 ሚሊ ሜትር አስረዘመው። ረጅም ሞተር ለመጠምዘዝ ይከብዳል፣ ለመዋለልም እንዲሁ።

ሌላው ጣጣ ነጂው ራሱ የሚጨምረው ነው። ትልቅ የንፋስ መከላከያ ገዝቶ መሪው ላይ ያስረዋል፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ የሚገፋው መከላከያውን ብቻ ሳይሆን መሪውንም ነው። በ1976 የወጣው የቢኤምደብሊው አር 100 አርኤስ መከላከያ መሪው ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ የታሰረው ያለ ነገር አይደለም።

አንድ እንደዚህ ያለ ሞተር በቅርብ አይቻለሁ። በ2006 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ከካይሮ ተነስቶ ወደ ኬፕ ታውን የሚወርድ አንድ ጀርመናዊ በመተማና በጎንደር አድርጎ ደብረ ማርቆስ ገባ። ሞተሩ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። በጎንና በጎን ሳጥን፣ ከኋላ ትልቅ የአሉሚኒየም ሳጥን፣ በሳጥኑ ላይ ድንኳን፣ በድንኳኑ ላይ ሁለት ጀሪካን። ከጎንደር ወዲህ ነዳጅ ለቀቅ ባደረገ ቁጥር መሪው እንደሚርገበገብበት ነገረን። ባሕር ዳር ላይ አንድ ጎሚስታ ጎማውን አይቶ የሚዛን እርሳስ ለጥፎለታል፤ ምንም አልተለወጠም።

መካኒካችን ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ያደረጉት የሞተሩን ሆድ በግንድ ደግፎ የፊት ጎማውን ከመሬት ማንሳት ነበር። "አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ከታች ያዝልኝ" አሉኝ። ጎማውን የያዙትን ሁለት እግሮች ከታች ጨብጬ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቀነቅሁ። ከላይ፣ መሪው አንገት ላይ፣ ቋ፣ ቋ አለ። ድምፁ ከመሰማቱ በፊት መዳፌ ላይ ነው የተሰማኝ። ቀጥሎ መሪውን በአንድ ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ገፉት። እየተንሸራተተ መጣና ልክ መሃል ላይ ሲደርስ ጎድጓዳ ውስጥ እንደ ገባ ቀጥ አለ። ደግመው ገፉት፣ እዚያው ቆመ። ዓመቱን ሙሉ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞተር የመንገዱን ምት ሁሉ የሚቀበለው የኩሽኔታው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ እዚያው ላይ ይቦረቦራል።

ፈትተው በነጭ ጋዝ አጠቡት፣ አዲስ ግራሶ ሞሉት፣ ዳዶውን አጠበቁና ሰውየው እንዲሞክረው ላኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፊቱ ተለውጦ ተመለሰ። መርገብገቡ ጠፍቷል፤ አሁን ግን ሞተሩ እንደ ሰካራም ነው የሚሄደው፣ መንገዱን ይስታል፣ ሲያርሙት አልፎ ይሄዳል። ጋሼ ሳቁ። "አነቅሁት" አሉና ዳዶውን ከሩብ ዙር ያነሰ ላላ አደረጉለት። ከዚያ በኋላ ሸጋ ሆነ። አዲስ አበባ ሲደርስ ኩሽኔታውን እንዲለውጥ በእኔ አስተርጓሚነት አስጠነቀቁት፣ ጀሪካኖቹንም አስወረዱት።

የዚያን ቀን ያየሁት የነገሩ ቁልፍ ይመስለኛል። መርገብገብ የሚፈራው ሰበቃን ነው፤ መሪውን ጠበቅ ካደረጉት ይሞታል። ሞተር ቀጥ ብሎ የሚሄደው ግን መሪው በነፃነት ትንሽ ትንሽ እየዞረ ራሱን ስለሚያርም ነው፤ ያንን ካነቁት መዋለል ይመጣል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው። ስቲሪንግ ዳምፐር የሚባለውን፣ ከመሪውና ከሻንሲው ጋር የሚታሰረውን ትንሽ አሞርዛተር ገዝቶ ከመግጠም በፊት የሞተሩ ሕመም የትኛው እንደሆነ መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዳምፐሩ መርገብገብን ይገላል፤ ሲጠብቅ ግን በከፍተኛ ፍጥነት መዋለልን ሊያብስ ይችላል። ይህን የሻርፕም ስሌት ያሳያል። ለእኔ ደግሞ ያለቀ ኩሽኔታ ላይ ዳምፐር መግጠም የሚያፈስ ጣራ ሥር ሳፋ እንደ ማስቀመጥ ነው።

መዋለል ሲሆን ምርመራው ወደ ኋላ ይሄዳል። የኋላ ጎማውን ይዞ ወደ ጎን መግፋት፣ የኋላ ክንዱ ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ክፍተት ካለ እጅ ላይ ይታወቃል። የለሰለሰ አሞርዛተር፣ የላላ የቸርኬ ሽቦ፣ ከፊተኛው ጋር መስመር ያልገጠመ የኋላ ጎማም አለበት። የጎማ ንፋስን ሰው ይንቀዋል። እኛ ጋ ወደ ጮቄ ለመውጣት ለኮረኮንቹ ሲሉ ንፋስ ይቀንሱና አስፋልት ሲገቡ መሙላቱን ይረሱታል። ለረጅም ጊዜ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሮጠ ጎማ ደግሞ ክብነቱን ያጣል፣ መሃሉ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጥርሱ ገና ነው ተብሎ ይተዋል እንጂ ቅርጹ አልቋል።

ሲይዝ ምን ይደረጋል? የመጀመሪያው ፍላጎት ፍሬን መያዝ ነው፤ የፊት ፍሬን ክብደቱን ሁሉ የሚርገበገበው ጎማ ላይ ይጭነዋል። ክንድን ማደንደንም አይረዳም፤ ግትር ክንድ የመሪውን ምት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ሞተሩ ይወስደዋል። ጉልበት ታንከሩን ጥብቅ አድርጎ ይያዝ፣ እጅ መሪውን ሳይለቅ ላላ ይበል፣ ደረት ወደ ፊት ዝቅ ይበል፣ ነዳጁ ቀስ እየተባለ ይቀነስ። "ነዳጅ ስጠው፣ ይተወዋል" የሚሉ አሉ። የፊቱ ሲቀል መርገብገቡ የሚተውበት ጊዜ እንዳለ እውነት ነው፤ ጭነት በያዘ አሮጌ ሞተር ግን ከመርገብገብ ሸሽቶ መዋለል ውስጥ መግባት ስለሆነ እኔ አልመክርም።

የእኔ ሞተር ባለ 125 ሲሲ ናት፣ 120 የምትደርስበት ቀን አይመጣም፣ ስለዚህ መዋለልን አላውቀውም። መርገብገብን ግን አውቀዋለሁ። ከደጀን ደብረ ማርቆስ ድረስ ባለው 70 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ፣ ሉማሜ አካባቢ የጤፉ ሜዳ ሲዘረጋ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ካለ 65 ላይ መሪዋ እጄን ትኮረኩረኛለች። ጀሪካኑ የተቀመጠው ከኋላ ጎማው ዘንግ ወዲያ ነው፤ እንደ ሚዛን ሆኖ የፊቱን ያነሳዋል። ያንኑ ጀሪካን ወደ ፊት አምጥቼ ከጀርባዬ ጋር አስጠግቼ ሳስረው እስከ 80 ድረስ ድምፅዋም አይሰማ።